ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ርቀት አንድ ሆኖ ሰዓቱ ለምን ተለያየ?

የኮዬዋ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ዋሽንግተን ዲሲ ልትሄድ ነው። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለደረሰች ልታርሳት ነው የምትሄደው። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። እንግሊዝኛ አትችልም። ጉልበቷንም ያማታል። ሰዓቱ በጣም ያሳሰበኝ ለዚህ ነው።

ትኬቱን ከቆረጥን በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ጠቅላላው ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። ሲመለሱ የትም አያርፍም፤ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ከተሞቹ ያው ናቸው፤ ርቀቱም ያው ነው። ታዲያ 4 ሰዓቱ ከየት መጣ? ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ ሁለቱን ከተሞች አስገባሁ። 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ አለኝ፤ በረራው ደግሞ 14 ሰዓት። ይሄኛው ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በረራው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከቤት በስንት ሰዓት እንውጣ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሹፌሩ ከቱሉ ዲምቱ (ከምሽቱ 2፡25)

ሁለተኛውን እኔ ልመልስልሽ እህቴ። ከዚህ አካባቢ ሰው ወደ ቦሌ ማመላለስ ሥራዬ ነው።

ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው። ስለዚህ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት በር ላይ መሆን አለባችሁ። ችግሩ ያ ሰዓት ሠራተኛ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መሆኑ ነው። በቃሊቲ በኩል ከመጣችሁ ከባድ መኪናውም፣ ሰርቪሱም፣ ሚኒባሱም እዚያው ነው። መንገዱ ጭር ሲል ቶሎ ይደረሳል። በመውጫ ሰዓት ግን ምንም ቃል መግባት አይቻልም። በቂሊንጦ ወደ ቡልቡላ የሚወስደውን ያዙ፤ እሱም ቢሆን ዝናብ ከጣለ ይቆማል። የእኔ ምክር 11 ሰዓት ላይ ሻንጣው መኪና ውስጥ ይሁን። ቀድሞ ደርሶ መቀመጥ ይሻላል።

ደግሞ ሰው የሚዘገየው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ እንደገና መሳሳም ነው። ይሄ ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ምርቃቱን ከምሳ በፊት ጨርሱት። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ እንደማይገባም እወቂ። ከበሩ በኋላ እናትሽን ማን እንደሚረዳት ከአሁኑ አስቢበት።

የበረራ ዕቅድ (ከምሽቱ 2፡50)

በበረራ ዕቅድ ሙያ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዝርዝር ልሞክር።

ዋናው ምክንያት ቦሌ ራሱ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር ወደ 20 በመቶ የሳሳ ነው። አውሮፕላኑን ከመሬት የሚያነሳው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ብዙ ፍጥነት ይፈለጋል፤ ጉልበቱ ግን አንሷል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ብዙ መሮጥ አለበት። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። አጭር የሚባል አይደለም። ግን ሰው ሞልቶ፣ ጭነት ሞልቶ፣ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብዳል። ማኮብኮቢያው ቢረዝም እንኳ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሊታገሡት የሚችሉት የፍጥነት ወሰን አለ።

ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ መቀነስ አለበት፤ ሰው ወይ ጭነት ወይ ነዳጅ። የሚቀለው ነዳጁን ቀንሶ መነሳትና መንገድ ላይ መሙላት ነው። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊን (አየርላንድ)፣ ሎሜ (ቶጎ) ላይ የሚታረፈው ለዚህ ነው። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ስለሚቀያየር የእናትሽን ትኬት አይተሽ አረጋግጪ።

ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አብዛኛውን ስለጨረሰ ቀሏል፤ ከፍታው ለማረፍ ያን ያህል አያስቸግረውም።

ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ግንቦት 1976 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1984) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ሲረከብ ከዋሽንግተን ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቷል። 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። በጊዜው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሳያርፍ የበረረው ረጅሙ ርቀት ነበር። አቅጣጫውን ልብ በሉ። ከዚያ ወደዚህ ነው። እኔ ይሄንን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያሳያል፦ የሠራተኛውን ድፍረትና የቦሌን ከፍታ።

ለገጣፎ 44 (ከምሽቱ 3፡05)

የንፋሱስ ነገር? እኔ ሁልጊዜ የምሰማው በንፋስ ምክንያት እንደሆነ ነው።

የበረራ ዕቅድ (ከምሽቱ 3፡20)

እሱም አለ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የንፋስ ጅረት አለ። አትላንቲክን ወደ አሜሪካ ስታቋርጡ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፤ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። በእነሱ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይበረታል። የአንድ መንገድ ጉዞ ከሳምንት ሳምንት በአሥራዎቹ ደቂቃዎች የሚለያየውም በእሱ ነው።

እንግዲህ 4 ሰዓቱን እንዲህ አስቢው። አንድ ሰዓት ወይ ትንሽ በለጥ ያለው መሬት ላይ ነዳጅ ሲሞላ ይሄዳል። ለማረፍ መውረድና እንደገና መውጣት ራሱ ጊዜ ይበላል። ቀሪውን ንፋሱና ወደ ማረፊያው ለመድረስ የሚደረገው መጠማዘዝ ይወስዱታል።

ያ ድረ ገጽ ደግሞ ይሄን ሁሉ አያውቅም። ርቀቱን ለአንድ አማካይ ፍጥነት፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ያካፍልና ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። 14 ሰዓት የመጣው በዚህ ስሌት ነው። ንፋስ የለበትም፣ ከፍታ የለበትም፣ ማረፊያ የለበትም። ርቀቱን እመኑት። ሰዓቱን ግን ከትኬቱ ላይ ውሰዱ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው፤ መሬት ላይ የሚሽከረከርበትን ጊዜም ይጨምራል።

ተማሪ ከሰበታ (ከምሽቱ 3፡31)

መሬት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች አይደል? እንግዲያው ወደ አሜሪካ ሲበር ከተማዋ ራሷ ወደ እሱ እየመጣች ነው። መፍጠን የነበረበት ሲሄድ ነው። ለምንድነው የሚዘገየው?

መምህር ከሱሉልታ (ከምሽቱ 3፡48)

ጎበዝ፣ ጥያቄህ ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው። አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። አውሮፕላኑም ቦሌ ላይ ቆሞ እያለ ከመሬት ጋር እየዞረ ነበር፤ ሲነሳ ያ ፍጥነት አይጠፋም። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ወንበር ተነስተህ ወደ ኋላ ብትሄድና ብትመለስ እርምጃህ ያው ነው፤ አውቶቡሱ መሄዱ ለውጥ አያመጣብህም። ለውጥ የሚያመጣው አየሩ ከመሬት መዞር በላይ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ነው። እሱን ነው ንፋስ የምንለው። ያ የንፋስ ጅረት ወደ ምሥራቅ የሚያደላው በመሬት መዞርና በምድር ወገብና በዋልታዎች መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ስለዚህ የመሬት መዞር ጉዳዩ ውስጥ አለበት፤ የሚገባው ግን በንፋሱ በኩል ነው።

ለገጣፎ 44 (ከምሽቱ 3፡55)

መምህር፣ አንድ ልጠይቅዎ። ካርታ ላይ ዋሽንግተን ከእኛ በስተ ምዕራብ ናት። ደብሊን ግን ሽቅብ ወደ ሰሜን ናት። እዚያ ድረስ ወጥቶ መውረድ መንገድ ማስረዘም አይደለም?

መምህር ከሱሉልታ (ከምሽቱ 4፡15)

ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ክቡን ምድር ዘርግቶ ስለሚያሳየን ነው እንዲህ የሚመስለን። ትምህርት ቤት ያለውን ሉል ውሰድ። ክር ይዘህ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርገህ ወጥር። ክሩ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ ሱዳንን፣ ሰሜን አፍሪካን፣ ሜዲትራኒያንን አልፎ አውሮፓን ይነካል። እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

እኔ በሂሳብ አስልቼዋለሁ። በቀጥታው 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሮም ሲሆን 11,710 ገደማ ይሆናል። በደብሊን 11,830 ገደማ። ከቀጥታው ጋር ያለው ልዩነት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለአውሮፕላን የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። ሎሜ ደግሞ ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ልክ መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች። በእሷ በኩል ሲሄዱ ግን 12,750 ገደማ ይሆናል፤ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። ሎሜን መምረጥ ሌላ ጥቅም አለው፤ የምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ ከዚያ ይሳፈራል። ርቀቱን ብቻ ካየን ግን ሰሜኑ ይቀርባል። ይሄን ክር ተማሪዎቼ በእጃቸው እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። አንዴ ያደረገ ልጅ ካርታን እንደ ድሮው አያይም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ከሌሊቱ 7፡20)

እኔ ያለሁት እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ ተኝታችኋል። ሁሉም ጥሩ አስረድቷል፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እሱ ደግሞ ለእማማ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። እኛ እዚህ ከእናንተ በበጋችን 7 ሰዓት፣ በክረምታችን 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። ሰዓታችንን በዓመት ሁለቴ እናዛውራለን፤ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወደ ፊት፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ወደ ኋላ። ኢትዮጵያ አትቀይርም። አሁን ስሌቱን እዩት። እማማ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነስተው 17 ሰዓት ቢጓዙ እናንተ ጋ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እዚህ በበጋ ከሆነ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው 10 ሰዓት የበረሩ ይመስለዋል! ሲመለሱ ደግሞ ከዚህ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነስተው 13 ሰዓት ቢበሩ እናንተ ጋ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይደርሳሉ። ያ ደግሞ 20 ሰዓት ይመስላል። ረጅሙ አጭር፣ አጭሩ ረጅም ሆኖ ይታያል። ሰው መድኃኒቱን በሰዓት የሚወስድ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እማማ የስኳር ወይ የደም ግፊት ኪኒን ካላቸው ከሐኪማቸው ጋር ሰዓቱን ተነጋገሩበት። መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ሌላው ቀኑ ነው። የትኬት ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ ግን ሌሊቱ የዋለበት ቀን ነው፤ ማክሰኞ የሚባለው ሲነጋ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡15 ካለ እኛ ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከሩብ የምንለው ነው። የማውቃቸው እናት በዚህ ምክንያት ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ሄደው በረራው ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖት ነበር። የእናንተው በ22፡30 ስለሆነ ከዚህ አምልጣችኋል። ለሌላ አንባቢ ግን ይጠቅም ብዬ ነው። ቀኑን በፈረንጅም በእኛም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት።

የኮዬዋ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእናቴ አነበብኩላት። ሉሉንና ክሩን በጣም ወደደችው፤ የእህቴ ልጅ ሲያድግ አሳየዋለሁ አለች። እንግዲህ የቀረኝ ጭንቀት የሚያርፍበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ትወርዳለች? ተሳስታ ብትወርድስ? ቋንቋ አታውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ከጠዋቱ 2፡05)

አትጨነቂ። ትኬቱ ላይ የበረራ ቁጥሩ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን አንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን አይቀየርም። ነዳጅ ለመሙላት ብቻ በሚያርፍበት ጊዜ ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ መቀመጫው ላይ ይቆያል። አስተናጋጆቹ አማርኛ ይናገራሉ። ስትሳፈር ለአንዷ "የምወርደው ዋሽንግተን ነው" ብላ ትንገራት፤ ይበቃል።

ዊልቸር ጠይቁላት። በትኬት ቢሮ ወይ በስልክ አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። አንዳንድ እናቶች "እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?" ብለው እምቢ ይላሉ። ዊልቸሩ ግን ለጉልበቷ ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሰው ከበር ተቀብሎ በፍተሻው፣ በፓስፖርቱ፣ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይወስዳታል። ደለስ ስትደርስም እንደዚያው ተቀብለው እስከ ሻንጣው ያደርሷታል። ሹፌሩ ወንድማችን "ከበሩ በኋላ ማን ይረዳታል?" ያለው መልሱ እሱ ነው። የእህትሽን አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርቷ ጋር አድርጉላት።

የዱከም ልጅ (ከጠዋቱ 2፡30)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በእኛ በኩል፣ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አዲሱ ኤርፖርት እየተሠራ ነው። ጥር 2018 ዓ.ም. ላይ ግንባታው ተጀምሯል። እሱ ሲያልቅ ይሄ የነዳጅ ማረፍ ይቀራል ማለት ነው?

የበረራ ዕቅድ (ከጠዋቱ 3፡00)

ከርዕሱ አልወጣህም፤ ዋናው ነገር ላይ ነው የመጣኸው። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ማኮብኮቢያዎቹም የሚረዝሙ ናቸው። 400 ሜትር ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን ለረጅም በረራ ብዙ ቶን ነዳጅ ወይ ጭነት ማለት ነው። አውሮፕላኖቹም እየተሻሻሉ ነው። አየር መንገዱ በ2017 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350-1000ን ሲረከብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከዝቅተኛ ቦታ የሚነሳ ጠንካራ አውሮፕላን ሲገኝ፣ ወደ አሜሪካ በቀጥታ መሄዱ ከዛሬው ብዙ ይቀልላል። ቢሾፍቱም ቢሆን ግን ደጋ ነው። ንፋሱም የትም አይሄድም፤ ሲሄዱ ከሲመለሱ መርዘሙ ይቀጥላል።

የዱከም ልጅ (ከጠዋቱ 3፡12)

አመሰግናለሁ ጋሼ። የዘመዶቼ የጤፍ ማሳ እዚያው ነበር። ተነስተው ሌላ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። አጎቴ አሁንም ጠዋት ተነስቶ በዚያ በኩል ማየት ይወዳል። ኤርፖርቱ ለአገር እንደሚጠቅም ይገባኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ መሬቱ ላይ የነበሩት ሰዎችም ስማቸው እንዲነሳ እፈልጋለሁ።

ሹፌሩ ከቱሉ ዲምቱ (ከጠዋቱ 3፡20)

ልክ ነህ ወንድሜ። ለእኛ ለዳር ነዋሪዎች ግን የመንገዱም ነገር ይቀየራል። ከቱሉ ዲምቱ የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዞ ወደ ቢሾፍቱ መውረድ ነው፤ በቃሊቲ መጨናነቅ ቀረ ማለት ነው። ያኔ የሚያስቡበት የሱሉልታና የቡራዩ ሰዎች ይሆናሉ።

ለገጣፎ 44 (ከጠዋቱ 3፡41)

የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ የበረራ ዕቅድ። ወንድሜ ቤጂንግ ይማራል፣ እሱም ሩቅ ነው። እዚያ ሲሄድ ግን የትም አያርፍም። ቦሌ ያው ቦሌ ነው። ለምን?

የበረራ ዕቅድ (ከጠዋቱ 4፡00)

ቤጂንግ 8,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀርባል። ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ ተይዞ ከቦሌ መነሳት ይቻላል፤ ንፋሱም ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ከኋላ ነው። ለንደን ደግሞ 5,900 ገደማ ነው፤ ንፋሱ ፊት ለፊት ቢሆንም ርቀቱ አጭር ስለሆነ ምንም አያስቸግርም። ቦሌ የሚከብደው ታንክ ሙሉ ለሚጠይቅ መንገድ ነው። ሌሊት መነሳትም ይረዳል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና።

የኮዬዋ ልጅ፣ ለእናትሽ የመተላለፊያ ዳር መቀመጫ ያዢላት፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ቀረብ ያለ። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ ትንሽ ትራመድ፤ ውኃ ትጠጣ። 17 ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ለጉልበትም ለደም ዝውውርም አይሆንም። ሰፋ ያለ ጫማ ታድርግ፤ እግር ያብጣል። እህትሽንም ማርያም በሽልም ታውጣት።

የኮዬዋ ልጅ (ከጠዋቱ 4፡10)

አሜን። ዛሬ ከሰዓት ትኬት ቢሮ ሄጄ ዊልቸሩንና የዳር መቀመጫውን አስመዘግባለሁ። የበረራ ቁጥሩን አሁን አየሁት፤ እስከ ዋሽንግተን አንድ ነው። ሹፌሩ ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ፤ ለ11 ሰዓት ያዝልን።